መቶ ስምንት ኪሎ ወደ ጓሳ

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለየትምወርቅ ኪዳነ ወልድ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እኔና እናትሽ ወለተጊዮርጊስ ደኅና ነን። ገብሱ አሽቷል፤ ውርጭም እስካሁን አልነካውም።

ሾፌሩ ደመላሽ ደብዳቤሽን ከነብልቃጡ አስረክቦኛል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ብልቃጡን ግን አልከፈትሁትም፤ ይኸው በራሱ በደመላሽ እጅ መልሼዋለሁ። «አባባ፣ ቢውጡት ምን ይጎዳዎታል?» ብለሽ ጠይቀሻል። የሚጎዳኝን አላውቅም፤ ችግሩም ይኸው ነው። የሥራ ባልደረባሽ መሲ ከዱባይ በሻንጣ ያስመጣችው፣ በማላነበው ቋንቋ የተጻፈበት፣ ሐኪምም ያላዘዘው የማቅጠኛ ክኒን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ያላነበብሁትን ወረቀት አልፈርምም፤ ያላወቅሁትንም አልውጥም።

«ታዲያ ለምን ይህን ያህል ተጨነቁ?» ለሚለው ጥያቄሽ እነሆ መልሱ። ሦስት ዓመት ተዘግቶ የኖረው የጋራ ተራራችን የጓሳ ሣር የካቲት 6 ቀን ለአጨዳ እንዲከፈት ባለ ድርሻዎቹ ወስነዋል። እንደምታውቂው፣ የወሰን ሽማግሌ የሆነ ሰው በመክፈቻው ዋዜማ የሰፈራችንን ድርሻ ወሰን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ መዞር አለበት። በቅሎ ክልክል ነው፤ ከበቅሎ ላይ ሆኖ የተሰረቀ ሣር አይታይምና። መዞር ያልቻለ ሽማግሌ ወንበሩን በዚያው ዕለት ለሚችል ይለቃል። እኔ በዚያ ወንበር ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ሰው ቃሌን የሚጠይቀኝ በዚያ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ባለፈው መክፈቻ ዘጠና ሁለት ኪሎ ሆኜ በሰው ትከሻ ተደግፌ ጨረስሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ያየኝ ሐኪም መቶ ስምንት ብሎ ጽፏል።

ወንበሩን ለመውሰድ የሚጠብቀው የሰፈራችን ሰው ቢተው ነው። ሰውየውን ታውቂዋለሽ፤ ቀጭን ነው፤ ምላሱ ግን አልቀጠነም። ቅዳሜ በገበያ መካከል «መምህር፣ ዘንድሮ ጓሳን ሊከፍቱት ነው ወይስ ሊተኙበት?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በንዴት ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። በእራት ካስሁት።

መንገዴን ቆርጫለሁ። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል። አባቶቻችን ክኒን የሚባል ነገር ሳያውቁ በጾም ብቻ ቀጥነው ኖረዋል፤ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ስለ ራስሽ ግን አንድ ቃል አልጻፍሽም። አንቺ ከዚህ ብልቃጥ ትውጫለሽን? አዎ ወይም አልውጥም ብለሽ መልሽልኝ።

አባትሽ ኪዳነ ወልድ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፤

እርስዎም እናቴም በጤና መሰንበታችሁን ስላወቅሁ ደስ ብሎኛል። ብልቃጡ ተመልሶ ደርሶኛል። ሳላማክርዎ በመላኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፍቅር ነው ያስቸኮለኝ።

ስለ ጤናዬ ለጠየቁኝ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ከነሐሴ ወዲህ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ። ቀኑን ሙሉ በጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጬ የምውል ሰው እንዴት እንደምወፍር ያውቃሉ፤ አሁን ግን አራት ዓመት የተሰቀለው ቀሚሴ ገባልኝ። መሲ ትናንት በኮሪደሩ ላይ አስቁማ «አንቺ፣ ይህን ወገብ ከማን ተዋስሽው?» አለችኝ። የክፍል ኃላፊያችን ሳይቀር ዞሮ አየ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሌሎቹ ይወጣሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ረኃብ ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ።

ጾሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅዎና አይቆጡኝ። በዘጠኝ ሰዓት ምን ይበላሉ? ልጅ ሳለሁ የማስታውሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ ሳይቀምሱ እንደሚቆዩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እናቴ «ጾመኛ ነዎት፤ አንጀትዎ ደርቋል» እያለች ሦስት እንጀራ በሽሮ፣ በላዩ ቂንጬ በኑግ ዘይት፣ ከዚያ ጠላ በአንኮላ ታቀርብ ነበር። ማኅበሮቹስ? አሁንም በአራቱም አሉ?

ሥራ ስለ በዛብኝ አሳጥሬ ጻፍሁ። ጉልበትዎን እንድትስምልኝ ለእናቴ አደራ ብያለሁ።

ልጅዎ የትምወርቅ


መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለየትምወርቅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ የሚያኮራ ወሬ አጥቼ ነው። አሁንም አላገኘሁም፤ ነገር ግን ዝም ማለት ከመዋሸት አይለይም ብዬ ጻፍሁ።

በዘጠኝ ሰዓት የምበላው ልክ እንደ ጻፍሽው ነው። ማኅበሮቹም አራት ናቸው።

ቅዳሜ ወደ እህል መጋዘኑ ሄድሁ፤ የጤና ጣቢያው ሚዛን መቶ ላይ ስለሚያበቃ ለእኔ የሚበቃኝ የጆንያ ሚዛን ብቻ ነው። መዛኟ እታገኝ ናት፤ አራተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ከሁለት ጆንያ ገብስ ቀጥሎ ተራዬ ደርሶ ወጣሁ። እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «መቶ ዐሥራ አንድ! የሚቀጥለው!» አለች።

«እታገኝ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

«ይቅር ይበሉኝ መምህር፤ ለምዶብኝ ነው።»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ከነጆንያው ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ከነጋቢው ነው» ብዬ እኔው መለስሁለት። ጋቢውን አውልቄ እንደገና ወጣሁ። አንድ ኪሎ ብቻ ቀነሰ። ሦስት ሳምንት ጾሜ ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ።

ነገሩን ቁጭ ብዬ መረመርሁት። በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በማርያምና በመድኃኔ ዓለም ማኅበር የክብር ቦታ የእኔ ነው፤ ዳቦውም ከእኔ ይጀምራል። የመጀመሪያው ቁራሽ «በሞቴ» ተብሎ ይሰጠኛል። ሁለተኛው «በልጅዎ ሞት» ተብሎ ይጨመራል። በአንቺ ሞት ተለምኜ እንዴት እምቢ ልበል? አንቺን ከሞት ለማዳን ስል በኅዳር ወር ብቻ ሁለት ሙሉ ዳቦ ሳልጨርስ አልቀረሁም። ጥፋቱ የጾሙ አይደለም። ለነፍስ የተሠራውን ለወገቤ ማዋሌ ነው።

ተስፋ ግን አልቆረጥሁም። ሌላ የተፈጥሮ መንገድ ጀምሬያለሁ። ምን እንደ ሆነ አሁን አልጽፍልሽም፤ በውጤቱ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ፊደሎችሽ ይንቀጠቀጣሉ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ እንኳ እንዲህ አልጻፍሽም። ለጥያቄዬም መልስ አልሰጠሽም። አሁንም እጠብቃለሁ።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፤

መልሱ አዎ ነው።

ከነሐሴ ጀምሮ እውጥ ነበር። መጀመሪያ ረኃቤ ጠፋ፤ ቀጥሎ እንቅልፌ ጠፋ፤ ከዚያ ልቤ ተቀምጬ ሳለሁ ዳገት እንደምወጣ ሁሉ ይደልቅ ጀመር። ደኅና ነኝ ብዬ በጻፍሁልዎ ቀን ብዕሩን በሁለት እጄ ነበር የያዝሁት። ኅዳር 28 ቀን በጽሕፈት መኪናው ላይ ወደቅሁ። ስነቃ መሲ በጋዜጣ እያራገበችልኝ ታለቅስ ነበር።

የመረመረችኝ ሐኪም ብልቃጡን አገላብጣ አየችው።

«ይህን ማን አዘዘልሽ?»

«ጓደኛዬ።»

«ጓደኛሽ ልብሽን አዳምጣለች?»

ክኒኑን በዚያው ቀን ተውሁት። የተረሳው ረኃብ ግን የቆየበትን ሁሉ ይዞ ተመለሰ፤ በሦስት ሳምንት ስድስት ኪሎ መልሻለሁ። ቀሚሱም ወደ ቦታው ተመልሷል። ይህን የምጽፍልዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እርስዎም ከእኔ የሸሸጉት ነገር ስላለ ነው።

እናቴ በደመላሽ በኩል «አባትሽ ከጓሮ አይገባም፤ ፊቱም ገርጥቷል» ብላ ልካለች። ያ ሌላ የተፈጥሮ መንገድ ያሉት ኮሶ እንዳይሆን እፈራለሁ። ኮሶ ከሆነ ስንተኛዎ ነው? የካቲትን ይተዉት ብዬ አልለምንዎትም፤ ያ ወንበር ለእርስዎ ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ አባት እፈልጋለሁ።

እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ የትምወርቅ


መሐል ሜዳ፣ ጥር 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለየትምወርቅ፤

ጥምቀቱን በሰላም እንዳሳለፍሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዛሬ ደኅና ነኝ። «ዛሬ» ያልሁት አስቤበት ነው።

ግምትሽ ልክ ነው። ለኮሶ ትል በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚጠጣውን መድኃኒት እኔ ለመክሳት ብዬ በሦስት ሳምንት አራት ጊዜ ጠጣሁ። ስጠጣው ሚዛኑ ይቀንሳል፤ ውኃ ስጠጣ ይመለሳል፤ እንደገና እጠጣለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከአራተኛው በኋላ ተኝቼ ሳለሁ ነው። ከፈትሁት፤ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ጭጋግ እንጂ ፊደል አልታየኝም። እናትሽ ማንበብ አትችልም፤ ጎረቤት ጠርቼም ምስጢርሽን ማስነበብ አልፈለግሁም። ሁለት ቀን ትራሴ ሥር አድርጌ ዐይኔ እስኪመለስ ጠበቅሁ። የሦስት ትውልድ ልጆች ፊደል ያስቆጠርሁ ሰው የገዛ ልጄን ጽሑፍ ማየት አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን «አዎ» የሚለውን ቃል ለየሁ።

የጤና ረዳቱ ገብረ አማኑኤል ቤት ድረስ መጥቶ ምን እንደ ጠጣሁ ጠየቀኝ።

«የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ክኒን አይደለም» አልሁት።

«መምህር፣ የእባብ መርዝም የተፈጥሮ ነው። ክኒን ቢሆንማ ስንት እንደ ዋጡ እንኳ ቆጥረን እናውቅ ነበር።»

አንቺን በዱባይ ብልቃጥ ገሠጽሁሽ፤ እኔ ግን ከጓሮዬ ዛፍ ያንኑ አደረግሁ። ሁለታችንም ሰውነታችንን ሳንጠይቀው ልናዝዘው ፈለግን። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። በዚህ ቤት አባት ለልጁ ይህን ቃል በጽሑፍ ሲያሰፍር የመጀመሪያው ነው፤ ደብዳቤውን አትጣይው።

አሁን ምን እያደረግሁ እንደ ሆነ ላስረዳሽ። ጥር 7 ቀን በሥላሴ ማኅበር፣ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሥቼ ቆምሁ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ ጸሎት የማስጨምር መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። «ወገኖቼ፣» አልሁ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቁራሽና አንድ ጽዋ ብቻ ነው የምቀበለው። የሚወደኝ ሰው ከዚያ በላይ በሞቱም በልጄም ሞት አይለምነኝ።» ደጋሿ እትዬ በለጠች ፊታቸው ተለወጠ፤ «ዳቦዬ ምን ወጣበት?» አሉ። እንደ ሰደብኋቸው ነው የቆጠሩት። ልቀመጥም ልውጣም አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ቢተው ከበሩ አጠገብ ጮኸ፦

«ተዉአቸው እንጂ! ቢከሱ ወንበሩ የሚያመልጠው እኔን ነው። እኔ ከፈቀድሁ እናንተ ምን አገባችሁ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እትዬ በለጠችም ሳቁ፤ ዳቦውም አንድ ቁራሽ ሆኖ ደረሰኝ።

በማግሥቱ በቅሎዋን ለእናትሽ ወንድም አውሼ፣ ጧት ጧት ወደ ጓሳ በሚወስደው ዳገት በእግሬ መውጣት ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቀን ቢተው መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ሲወድቁ ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ተከተለኝ። አልወደቅሁም። ስለዚህ በየጧቱ ይመጣል። መሳደቡን አልተወም፤ ነገር ግን ስቆም ይቆማል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጾም ቀንም ቢሆን አንድ እንጀራ በጎመን በልቼ እነሣለሁ። እናትሽ ሁለተኛውን አንሥታ ትቆማለች፤ እኔ አላይም።

መቶ ስድስት ላይ ነኝ። ሦስት ሳምንት ይቀረኛል።

አባትሽ ኪዳነ ወልድ


አዲስ አበባ፣ ጥር 26 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፤

ደብዳቤዎን መንገድ ላይ ቆሜ አነበብሁት። እርስዎ ይቅርታ ሲጠይቁ ማንበብ አልለመድሁምና ሰው እስኪያየኝ አለቀስሁ። አልጥለውም።

እኔም የጀመርሁትን ልንገርዎ፤ ከመገናኛ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ እሄዳለሁ። መሲ ከታክሲ መስኮት አንገቷን አውጥታ «የትም፣ ከታክሲ ጋር ተጣላሽ እንዴ?» ትለኛለች። ምሳዬንም በሰዓቱ እበላለሁ። በአንድ ወር ሁለት ኪሎ ብቻ ቀነስሁ፤ ግን ልቤ ጸጥ ብሏል፤ እንቅልፍም ተመልሶልኛል። መሲንም አሳምኜ ወደ መረመረችኝ ሐኪም ወስጃታለሁ፤ ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ሐኪሟን «ታዲያ ክኒን ሁሉ ክፉ ነው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አይደለም፤ መርምረን የምናዝዝለት፣ እየተከታተልን የምንሰጠው ሰው አለ። አንቺ የዘለልሽው ሐኪሙን ነው» አለችኝ። እርስዎም እንዲያውቁት ብዬ ጻፍሁት፤ በመድኃኒት ሁሉ ላይ እንዳይፈርዱ።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው፤ አንድ ነገር በቃልዎ ያስሩልኝ። በዚያ ዕለት ደረትዎን ከጨነቀዎ ይቀመጣሉ። ቢተውም ቢስቅ፣ አገር ቢስቅ፣ ይቀመጣሉ። የነነዌ ጾም ከነገ ወዲያ ይገባል፤ ከሦስቱ ቀን በኋላ ወዲያው አይዙሩ፤ ጥቂት ይብሉ። የተጻፈ መልስ ከየካቲት 5 በፊት እንደማይደርሰኝ አውቃለሁ። በዚያ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን እንደምሠራ አላውቅም።

ልጅዎ የትምወርቅ


ጓሳ፣ የካቲት 6 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት

ልጄ የትምወርቅ፤

ዞርሁ።

ሰላምታውን ከዚህ ቃል በኋላ ያደረግሁት ስትጠብቂ እንደ ሰነበትሽ ስለማውቅ ነው። ሰላም ላንቺ ይሁን። ስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ደረቴም ዐይኔም ደኅና ናቸው።

ስንት ኪሎ እንደ ሆንሁ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፤ ቅዳሜ ከመጋዘኑ ሚዛን ላይ ወጣሁ። እታገኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «መቶ አንድ» አለችኝ። «ጮክ በይ እንጂ!» አልኋት። ጮኸች። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን አውርደው አጨበጨቡ።

ትናንት በአቦ ዕለት እኔና ቢተው ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን። ያሰርሽኝን ቃልም ጠብቄያለሁ፤ አራት ጊዜ ተቀምጬ አርፌያለሁ። ማረፍ በሥርዓቱ አልተከለከለም፤ እኔ ግን ከዚህ በፊት እያፈርሁ አላርፍም ነበር። በሦስተኛው ላይ፣ ረጃጅሙ የጅብራ ተክል በበዛበት ገደል አፋፍ፣ ቢተው «ይረፉ፤ እዚህ የሚቆጥር ሰው የለም» አለኝ።

«አንተ ትቆጥራለህ።»

«እኔማ ሥራዬ ነው።»

ወደ ጉባኤው ስንደርስ ባለ ድርሻዎቹ ተሰብስበው ነበር። ከዘመሮ በኩል የመጣ አንድ ሰው «መምህር ወሰኑን በሙሉ በእግራቸው ስለ መዞራቸው ማን ይመሰክራል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ማንም ከመናገሩ በፊት ቢተው ወደ መሐል ገባ።

«ወንበራቸውን የምመኝ እኔ ካልመሰከርሁ ማን ይመስክር? አንድ እርምጃ አልዘለሉም። አራት ጊዜ ተቀምጠዋል፤ አራቱንም ጊዜ ተነሥተዋል!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት ልጽፍልሽ አልችልም፤ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይናገር ነበር። ወንበሩ እስከሚቀጥለው መክፈቻ የእኔ ነው። ቢተውን ረዳቴ እንዲሆን ጠየቅሁት። «ረዳት ሆኜም እሰድብዎታለሁ» አለ። ተስማማን።

ስለ ሐኪሟ የጻፍሽውን አምኜ ተቀብያለሁ፤ ገብረ አማኑኤልም በየወሩ ደሜን ሊለካ ቃል አስገብቶኛል። የአንቺን ሁለት ኪሎ ደግሞ «ብቻ» ብለሽ አትጻፊው። ዳገቱን እያንዳንዱን እርምጃ ስለ ወጣሁት የሁለት ኪሎን ዋጋ አውቃለሁ።

ይህን የምጽፈው በድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሣሩ ተከፍቷል፤ ሰዎቹም እስከ ወገባቸው ገብተውበታል። ባለፉት ሁለት መክፈቻዎች ድርሻዬን ሌላ ሰው ነበር የሚያጭድልኝ። እናትሽ ዛሬም ሰው ልትቀጥር አስባ ነበር፤ አይሆንም ብያታለሁ።

ደብዳቤዬን የማሳጥረው ደክሞኝ እንዳይመስልሽ። ማጭዴን ስዬ ጨርሻለሁ፤ ድርሻዬን ራሴ ላጭድ ልነሣ ነው።

አባትሽ ኪዳነ ወልድ